መላ የሰፋችው ትከሻ

እንከን የሌለበት ሰውነት አለ ብሎ የሚያምን ካለ፣ ያ ሰው ልብስ ሰፍቶ አያውቅም። የአንዱ ትከሻ ይወድቃል፣ የአንዷ ዳሌ ያደላል፣ የሌላው ሆድ ከባለቤቱ ቀድሞ በር ይገባል። ይህን ጉድ ሁሉ የሚያውቀው ሜትር አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ የሚውል ሰው ነው። አውቆም ዝም ይላል፤ ሥራው ነዋ!

ይቺ የምነግራችሁ ሴትም ዝም ስትል የኖረች ናት። ደንበኞቿ "መላ" ይሏታል፣ ለማንኛውም ገላ መላ አታጣምና። ሱቋ አፏን ለመንገድ የከፈተች አንዲት ክፍል ናት። ከፊት የልብስ መኪናው፣ ካውያውና ቁመት ሙሉ የሚያሳየው መስተዋት አሉ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ መኖሪያዋ። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበዛል። አንዷ ደንበኛ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ "መላ፣ ይሄን ወዴት አባቱ ልታደርጊው ነው?" ስትላት፣ "ለኔ ተይው፣ ከገበሩ ስር አስተኛዋለሁ" ትላለች። አንድ እግሯ ከሌላው የሚያጥር ሙሽራ መጥታ ነበር። መላ ቀሚሷን እንዴት አድርጋ እንደቆረጠችው እሷ ትወቀው፣ ሚዜዎቹ እንኳን ሳያውቁ ቀኑ አለፈ። ሙሽራዋ ተመልሳ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ መላ አንድ አባባል አበጀች፦ "ልብስ የሚሰፋው ለገላ አይደለም፣ ለሰው ዓይን ነው።" አባባሉ ያምራል አይደል? ጣጣው ሁሉ የመጣው ግን ከሱ ነው።

አንዲት ልጅ አለቻት። ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት ለአዲሱ የትምህርት ዓመት ዩኒፎርም ልትሰፋላት መስተዋቱ ፊት አቆመቻት። ሜትሩን ከአንገቷ ወደ ቀኝ ትከሻዋ ዘረጋች፣ ከዚያ ወደ ግራ። አልተስማማላትም፤ እንደገና ለካች። ግራው ዝቅ ብሏል። በመዳፏ ጀርባዋን ዳበስ ስታደርግ በቀኝ በኩል፣ ከትከሻዋ አጥንት ስር፣ ጎድኗ ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ ብሎ አገኘችው።

"ምን ሆነ እማዬ?"

"ምንም። ቀጥ በይ።"

"ቀጥ ብያለሁ እኮ።"

"ቦርሳሽን ባንድ ትከሻ እያንጠለጠልሽ ነው! ስንቴ ልንገርሽ?" ብላ ጮኸችባት። ልጅቷ ደነገጠች። እናትየው ግን ከሷ ይበልጥ ደንግጣ ነበር፤ ጩኸቱም የመጣው ከዚያው ነው።

እንግዲህ "ምን ነበረበት፣ ይዛት ሐኪም ቤት ብትሄድ?" ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ግን የመላን ሆድ የምታውቀው እሷው ናት። አባቷ ሰዓት ጠጋኝ ነበር፣ ጀርባው የጎበጠ፣ መንገድ ላይ ልጆች የሚከተሉት። እሷና ባሏ ሲተጫጩ የባሏ እናት "ልጄ ሴት አጥቶ ነው ከጎባጣ ቤት የሚያገባው?" ብለው ሰው በተሰበሰበበት ተናግረዋል። ይህን መላ አልረሳችም። ልጅቷ ስትወለድ ደግሞ አማቷ መጥተው ሕፃኗን ታቀፉና፣ ፊቷን እንኳን ሳያዩ ገልብጠው ጀርባዋን አዩ። አይተውም "እሰይ! ሎጋ ናት፣ እኛን ነው የመሰለችው" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷን "ሎጋዬ" ነው የሚሏት። መላ አልጋ ላይ ተኝታ ይህን ሁሉ ታይ ነበር።

ስለዚህ ሰፋች። ለግራው ትከሻ ከገበሩ ስር ስስ ስፖንጅ አስገባች፣ ለቀኙ ጀርባ ሰፋ አድርጋ ቆርጣ ሁለት እጥፋት አበጀችለት፣ ዘርፉንም ባንድ ወገን ትንሽ አሳጠረችው። ልጅቷ ለብሳው ስትወጣ እንደ ሸምበቆ ቀጥ ያለች ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት ስፖንጁ ድርብ ሆነ። በሦስተኛው ወፍራም ሆነ፣ እጥፋቱም ጨመረ። ልጅቷ አንድ ቀን ስፖንጁን በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች "ይሄ ለምንድነው?" ብላ ጠየቀች። "ፋሽን ነው" አለቻት። ልጅቷ ሁለተኛ አልጠየቀችም። መላም አልነገረቻት፤ ብቻ ገበታ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ደንበኛ ፊት "ቀጥ በይ!" ማለቱን ሥራዬ ብላ ያዘችው። አይ እናት! ያላየሁት እንደሆነ የለም ማለት ነው ብላ ራሷን ስታታልል ሦስት ዓመት አለፈ።

ልጅቷ አሥራ አራት ዓመት ሆኗት ሳል ያዛት። የመላ አማት ሊጠይቋቸው መጥተው እነሱ ቤት ሰንብተው ነበርና፣ የሚሞቅ ቅባት ይዘው "ነይ ሎጋዬ፣ ጀርባሽን ልሽሽ" ብለው ሸሚዟን አስወለቁ። መላ ከመጋረጃው ወዲህ የሰው ሱሪ እየተረተረች ነበር። ጩኸቱን ሰማች።

"በስመ አብ! ይሄ ምንድነው? ነይ! ነይ እዪልኝ!"

ገባች። የልጇ ጀርባ ራቁቱን፣ ቅባት ተቀብቶ ያበራል። ያኔ "አውቃለሁ፣ እማማ" ማለት ትችል ነበር። አማቷ ግን ዓይናቸውን አፍጥጠው አፏን ሲጠብቁ፣ ከአፏ የወጣው "ውይ! ምን ሆና ነው?" የሚል ነው። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች አልተንቀሳቀሰችም።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ አሁኑኑ እንሂድ" አሉ አማቷ። እሳቸው ለልጅቷ ነው የተናገሩት። መላ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ጠረጴዛው አጠገብ ከብረት መቆሚያ ላይ የፕላስቲክ አከርካሪ አንጠልጥሏል። ልጅቷን ሊያስቃት "ይሄ ባልደረባዬ ነው፣ ከኔ ይልቅ እሱ ቀጥ ይላል" አላት። አልሳቀችም። መዳፍና መዳፏን ገጥማ ወደ መሬት እንድታጎነብስ አደረጋት። ያን ጊዜ ነው ሁሉ የታየው፤ ቀኝ ጎድኗ ብድግ፣ ግራው ዝቅ። ስፖንጅ የለ፣ እጥፋት የለ። መላ መስኮቱን ታይ ጀመር።

ራጅ ተነስታ ሲመለሱ ሐኪሙ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅሎ አስረዳቸው። "አከርካሪ አንድ አጥንት አይደለም፤ ተደራርበው የቆሙ ትንንሽ አጥንቶች ናቸው። አንገት ላይ ሰባት አሉ። ጀርባ ላይ አሥራ ሁለት፤ ጎድን አጥንቶች የሚያያዙት ከነዚህ ጋር ነው። ወገብ ላይ አምስት ወፋፍራሞች፤ የላዩን ሸክም የሚችሉት እነሱ ናቸው። የቀሩት ተጣብቀው ዳሌ መሃል ይገባሉ። በየመሃላቸው እንደ ትራስ የሚሆን ዲስክ አለ፣ በቀዳዳቸው ደግሞ ህብለ ሰረሰር ያልፋል፤ እጅና እግርን የሚያዘው እሱ ነው። ከጎን ሲያዩት አከርካሪ ገባ ወጣ ይላል፣ ያ ጤና ነው። ከኋላ ሲያዩት ግን ቀጥ ማለት አለበት። የሷ ወደ ጎን ታጥፏል፤ ሲታጠፍም ዞሯል። ጎድኗን ይዞት ስለዞረ ነው ጀርባዋ ያበጠ የሚመስለው።"

"ቦርሳ ነው አይደል ዶክተር?" አለች መላ። "ቀጥ በይ ብላት ብላት አትሰማኝም።"

"ቦርሳም አይደለም፣ አቀማመጥም አይደለም። ብትፈልግም ቀጥ ማለት አትችልም።"

ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። መላ ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው ፊት የጮኸችባት ሁሉ ባንዴ ትዝ አላትና ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

"ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው አለ?" አለ ሐኪሙ።

"አለ እንጂ!" አሉ አማቷ፣ እሷ አፏን ሳትከፍት። "የሷ አባት! እኔ ድሮም ብያለሁ።"

"እማማ፣ ይሄ ማንም ላይ የሚለጠፍ ጥፋት አይደለም። በዘር ሊመጣ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ አይታወቅም።"

"እኔ ምን አልኩ?" አሉ፣ ሁሉንም ብለው ከጨረሱ በኋላ።

ሐኪሙ ወደ መላ ዞረ። "መቼ ነው መጀመሪያ ያዩት?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ እውነት ከውሸት ይልቅ ቅርብ ናት፣ እጅ ሰደድ ቢያደርጉ ትገኛለች። አማቷ ግን አጠገቧ ተቀምጠዋል፣ የአባቷ ጉብጠትም ገና መሃል ላይ እንደተዘረገፈ ነው። "ባለፈው፣ እማማ ሲያሿት" አለች።

"ከዚያ በፊትስ? ልብስ ሰፊ ነኝ ብለውኛል። ልኳን ሲወስዱ?"

"ቀጥ ያለች ነበረች።"

"እውነቷን ነው፣ እኔም አይቻለሁ" አሉ አማቷ። አይተዋል፤ ግን ያዩት ስፖንጁን ነው።

"አንቺስ?" አላት ሐኪሙ ልጅቷን።

ልጅቷ እናቷን አላየቻትም። "ጀርባዬ አይደል? በየት በኩል አየዋለሁ?" አለች።

ሸፈነችላት! አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ለእናቷ ዋሸችላት።

የሐኪሙ ፊት ተለወጠ። ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጎ፣ እግሯን ከዳሰሰ በኋላ፣ "እጥፋቱ ሰላሳ አምስት ዲግሪ ነው" አለ። "ይህን ያህል የሚሆነው ቀስ እያለ ነው። ቀጥ ያለ ጀርባ ባጭር ጊዜ እዚህ ከደረሰ ግን ውስጡ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል። ህብለ ሰረሰሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር፣ ወይም እጢ። ትልቁ ሆስፒታል ሄዳ ኤምአርአይ ትነሳ፤ ኦፕራሲዮንም ሊኖር ስለሚችል ተዘጋጁ።"

"እጢ" የምትለዋ ቃል ከዚያ ክፍል አብራቸው ወጣች፤ ቤትም ገባች። ልጅቷ መብል ተወች። የሚያብረቀርቁ የፀጉር ማስያዣዎቿን ሰብስባ ለጎረቤት ልጅ ሰጠች። መላ "ለምን?" ስትላት "አልፈልጋቸውም" አለች። አማቷ ደግሞ ልጅቷን ከአጠገባቸው አላርቅ አሉ፣ እጇን ይዘው ነው የሚውሉት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መላ መኪናው ላይ ተቀምጣ ኮሌታ ስትሰፋ ከመጋረጃው ጀርባ የልጇን ድምፅ ሰማች።

"እማማ፣ እጢ ያለበት ሰው ሲሞት ያመዋል?"

"አፍሽን ያዢ! እኔ አሮጊቷ ቁጭ ብዬ አንቺ ወዴት? ወይ ፍንክች!"

"እማዬ ታውቃለች?"

"እናትሽማ ምን ታውቃለች፣ ሎጋዬ? እሷም እንደኔ ድንገት ነው ያየችው።"

ልጅቷ መልስ አልሰጠችም። መላ መልሱን ጠበቀች፣ ጠበቀች። እግሯ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ቀረ። ልጄ እሞታለሁ ብላ እየፈራች እንኳን ስሜን አታነሳም፣ አለች በልቧ፤ እኔ ደግሞ ለአማቴ ዓይን ብዬ ቢላ ስር ላስተኛት ነው! ተነሳችና ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ጨርቅ መጣል አትወድምና የሦስቱም ዓመት ዩኒፎርሞች እዚያው ነበሩ። በፌስታል ጠቅልላ፣ ለማንም ሳትናገር ወጣች።

ሐኪሙ ሰው እየሸኘ ነበር። በሩን እንደዘጋ "ዋሽቼዎታለሁ" አለችው። "ሦስት ዓመት ሆኖኛል ካወቅኩት።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም እንዴት ሳያየው?"

"እንዳያዩት አድርጌ ስለሰፋሁት ነዋ።"

ልብሶቹን አውጥታ ምርመራ አልጋው ላይ በተርታ ዘረጋቻቸው። ትንሹ፣ መካከለኛው፣ ትልቁ። ሐኪሙ አንድ በአንድ አነሳቸው። ስስ የነበረው ስፖንጅ ሲወፍር፣ እጥፋቱ ሲሰፋ በጣቱ ተከተለው። "ልክክ ያለ ነው" አለ። "ይሄ ሥራ የሚገርም ነው፤ እኔም መንገድ ላይ ባያት አላውቅባትም ነበር።" ሰው ሥራዋን ሲያመሰግን መላ ሁሌም ደስ ይላታል። ያን ቀን ግን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። "ቀስ ብሎ የመጣ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው" አላት። "የነርቯም ምርመራ ጤነኛ ነው፣ እጢ ብዬ የምጠረጥርበት ምክንያት የለኝም። እድገቷ ስላላለቀ ብሬስ እናሠራላታለን፤ ከብብቷ እስከ ዳሌዋ የሚይዛት ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። እድገቷ እስኪቆም ቀንም ሌሊትም ታደርገዋለች፣ ለገላ መታጠብና ለስፖርት ብቻ ነው የሚወልቀው። የጀርባ እንቅስቃሴም እናስተምራታለን። በየጊዜው ራጅ እያነሳን እንከታተላለን፤ ኦፕራሲዮን የሚታሰበው ያም ሆኖ ከባሰ ነው።"

"ያቃናዋል?"

"አያቃናውም። እንዳይብስ ይይዘዋል።"

ልትጠይቅ አልፈለገችም፣ ግን ጠየቀች። "ያኔ አምጥቻት ቢሆንስ?"

"ያኔ ትንሽ ነበር። ትንሽ እንዳለ ልንይዘው እንሞክር ነበር።" ልብሶቹን አጣጥፎ መለሰላት። "ለልጅቷ ይንገሯት። ይሄን እኔ ልነግርልዎት አልችልም።"

መንገዱን ሁሉ እነግራታለሁ፣ እነግራታለሁ እያለች ሄደች። ቤት ስትደርስ ግን ያወጣችው ግማሹን ነው። "ሐኪሙ ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር። እጢ አይደለም፣ ኦፕራሲዮንም የለም። ብሬስ ነው የሚደረግላት።"

አማቷ ብድግ ብለው አቀፏት። ከተዋወቁ ጀምሮ እንዲህ አቅፈዋት አያውቁም። "ልጄ!" አሏት። "እኔ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አንቺ ሄደሽ ሐኪሙን ሞግተሽ ልጃችንን መለስሻት! ያኔ ስለ አባትሽ የተናገርኩትን ይቅር በይኝ። አፌ ነው፣ ክፉ አፍ ነው ያለኝ።" እያለቀሱ ትከሻዋን ሳሙት። መላ በአማቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ልጇን አየቻት። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች። እፎይታ ፊቷ ላይ አለ፤ ከእፎይታው ጋር ግን ሌላ ነገርም አለ፣ መላ ልታየው ያልደፈረችው። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች።

አማቷማ መች ዝም ይላሉ! ሰፈሩን አዳረሱት። ዳቦ ቤት፣ ልብስ አጣቢዋ ጋ፣ ደንበኞቿ ጋ ሳይቀር፣ "የልጄ ሚስት አንበሳ ናት፣ ሐኪሙን አስተካከለችው" እያሉ። ሰው መጥቶ "ጎበዝ መላ!" ሲላት ክር የምትፈልግ መስላ መሳቢያ ውስጥ ትገባለች።

ብሬሱ የሚለካበት ቀን ሦስቱም አብረው ሄዱ። መጠበቂያው ረጅም ኮሪደር ነው፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር። ወገባቸውን በቀበቶ ያሰሩ፣ ምርኩዝ የያዙ፣ አንገቱን በወፍራም አንገትጌ የታሰረ አንድ ሰውዬም አለ። አማቷ ሰውየው አጠገብ ተቀምጠው ገና ትንፋሽ ሳይሰበስቡ ጀመሩ።

"ይቺ ልጅ ቢላ ስር ልትገባ ነበር እኮ! እናቷ ናት ያተረፈቻት።"

"የቷ ናት? ይቅርታ፣ አንገቴ አይዞርም" አለ ሰውዬው፣ ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ተነሺላቸው እስቲ፣ ልጄ! ይዩሽ!" አሏት መላን።

ሁሉም ዞሮ አያት። ልጅቷ እግሯን እያየች ነው፤ ስፖንጅ ባለው ዩኒፎርሟ ውስጥ፣ ቀጥ ብላ። መላ ተነሳች።

"እማማ፣ እኔ አላተረፍኳትም" አለች። "ሦስት ዓመት አውቃለሁ። ልኳን ስወስድ አይቼው በልብስ ደበቅኩት። ሐኪሙ እጢ ያለው እኔ ስለዋሸሁት ነው። ያኔ ባመጣት ትንሽ እያለ ይያዝ ነበር። አሁን እንዲህ እንዳለች ነው የምትቀረው።"

አማቷ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ቆይተው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ "እኔን ፈርተሽ ነው?" አሉ።

"እርስዎንም። ሰውንም። አፈርኩ።"

አማቷ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉት። አንገቱ የማይዞረው ሰውዬ እንኳን ዞሮ ማየት የፈለገ ይመስል ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። መላ ወደ ልጇ ዝቅ አለች። "ያፈርኩት ባንቺ አይደለም፣ የኔ ልጅ" ልትላት ፈለገች፤ ውሸት መሆኑ ታወቃትና ዋጠችው። "ይቅር በይኝ" ብቻ አለች።

ልጅቷ እንደማንኛውም ቀን ባለ ድምፅ፣ "ሜትሩ እኮ ግራ ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ሁሌ ይቆም ነበር" አለች። "ሁሌ፣ አሁን ትነግረኛለች ብዬ እጠብቅሽ ነበር። ከዚያ ቀጥ በይ ትይኛለሽ።"



በሩ ተከፈተና ልክ ወሳጁ ጄሶ በነካው እጁ በሩን ይዞ ልጅቷን ጠራት። "ሸሚዝሽን አውልቀሽ ነው የምትቆሚው፤ የሚይዝሽ አንድ ሰው ይዘሽ ግቢ" አላት።

መላ አንድ እርምጃ ተራመደች። ልጅቷ ግን የአያቷን እጅ ይዛ ከወንበሩ አስነሳቻቸው። አያቷ እንባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ ተከተሏት። በሩ ጋ ስትደርስ ልጅቷ ሹራቧን አውልቃ ለእናቷ ሰጠቻት።

"አንቺ እዚህ ጠብቂኝ" አለቻት።

በሩ ተዘጋ። መላ ሹራቡን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ጠበቀች።